ተራ ጠባቂ

መድኃኒት ቀማሚዋ ድራሆሚራ፣ ሪህ እግሯን ጠፍሮ ቢያስቀራት፣
«ወንበሬ ጦሙን አይደር፣ ሂድልኝ» ብላ ሰጠችኝ ትኬት፤
እኔ ኦታካር፣ ሐዲድ አዟሪው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት
ከፉጨትና ከፍሬን ሲጥታ በቀር ዜማ ያልሰማሁት፣
የወንድሜን የሠርግ ኮት፣ ብብቱ ሥር የጠበበውን፣
ለብሼ፣ ኦሎሞውትስ በዝናብ ፈለግሁ የአዳራሹን ደጃፍን።

ኮት ተቀባይዋ ሴትዮ «ባርኔጣዎን» ብትለኝ፣
ልትወስደው መስሎኝ ጨበጥኩት፤ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀብኝ።
ከጎኔ አንዲት ልጅ ነበረች፣ ከረሜላ በመዳፏ የጨበጠች፣
ወረቀቱ እንዳይንኮሻኮሽ ሰግታ፣ ሳትበላ የቀረች።

አንዱ ቀጭን እንጨት ነፋ፤ ሌላው ሰምቶ ተከተለ፤
ሁሉም ያችኑ ድምፅ ይዞ ተንጫጫ፣ ተማሰለ።
«እንዴት ያምራል!» ብዬ አጨበጨብኩ፣ ብቻዬን፣ ከልቤ፤
«ገና ነው፣ እየቃኙ ነው» አለችኝ ልጅት ከአጠገቤ።
እጄን ኪሴ ከተትኩ። ዛሬም ግን እላለሁ፦ አልተሳሳትኩም፤
ሰማንያ ሰው በአንድ ነገር ሲስማማ፣ እኔ አይቼ አላውቅም።
ስምንት ሆነን በእኛ ጣቢያ
ሁለት ክረምት ተጨቃጨቅን፣ በአንድ ሻይ ማፍያ።

መሪው መጣ፣ ቀጭን በትሩን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ሰገደ፤
እኔ ቀይ ፋኖስ ሳነሣ ባቡር ይቆማል፤ እሱ ሲያነሣ ነጎደ።
ቀስቶች ወጡ፣ ቀስቶች ወረዱ፣ እንደ ጎማ ገፊ ዘንግ፤
ድምፁ በጫማዬ ሶል ገብቶ ጉልበቴን ነዘረው በወግ።
ይህንስ አውቀዋለሁ፦ ከጆሮ ቀድሞ እግር ነው የሚሰማ
የሌሊቱን የከሰል ባቡር፣ ገና ሳይወጣ ከከተማ።

ውሸት አልናገር፤ ቀስ ያለው ክፍል ላይ ዓይኔ ተከደነ፤
ሐሳቤም ያልከፈልኩትን የጋዝ ሒሳብ ሊደምር ባከነ።
ስባንን ነው ያየሁት፤ ከሁሉ ኋላ፣ ከግድግዳ
የተጠጋ ፀጉሩ የሳሳ ሰው፣ ሳይጠሩት ሠርግ እንደ ገባ እንግዳ፤
ሁለት የናስ ሳህን ፊቱ አለ፣ ቀይ ጨርቅ ላይ የተኛ፤
ከንፈሩ ብቻ ይቈጥራል፣ ሌላው አካሉ ዝምተኛ።

ሌላው ይጎትታል፣ ይነፋል፣ ያልበዋል፤
እሱ ይቈጥራል።
ዋሽንቱ ይሽኮረመማል፣ ቫዮሊኑ ይመልሳል፤
እሱ ይቈጥራል።

ወይ ጉድ! ይህ እኮ እኔ ነኝ፤ የፕርዤሮቭ መገንጠያ፣
በረዶ ያፈነው ጎጆዬ፣ የብረት ምድጃ፣ የፋኖስ መስቀያ፤
ሌሊቱን ሁሉ ጠብቄ፣ ለዘጠኝ ሰዓት ከሩቡ ባቡር፣
እጀታዋን አንዴ ስቤ፣ አንዴ ብቻ፤ ከዚያ ወደ ወንበር።
ሚስቴ ብላዤና ትስቅብኝ ነበር፣ «አንዴ ስቦ ደሞዝ!» ስትል፤
ምን ብዬ ላስረዳት? አልነበረኝም ለዚያ የሚበቃ ቃል።

ተነሣ። ሳህኖቹን ያዘ። እኔም አብሬው ተነሣሁ መሰለኝ፣
ልጅቱ የኮቴን ጫፍ ጎትታ ወደ ወንበሬ መለሰችኝ።
አሁን! አልኩ በሆዴ። አልመታም። አሁን! አልመታም።
የእሱ አሁንና የእኔ አሁን ለካ አይገጣጠምም።
ከዚያ፣

አንዴ።

ከረሜላዋ ከልጅቱ መዳፍ አምልጣ ተንከባለለች፤
ጥርሴ ላይ ብረት ብረት የምትል ጣዕም ተረፈች።
እሱ ሳህኖቹን ቀስ አድርጎ ጨርቁ ላይ መልሶ አስተኛ፤
ቫዮሊኖቹ አልፈው ሄዱ፣ እንደ ፈጣኑ ባቡር መንገደኛ፣
ማን እንዳሻገራቸው ሳያዩ።

ማታ ትራም ፌርማታው ላይ ብቻውን ቆሞ አገኘሁት፤
እንቁላል በዳቦ ይገምጣል፤ ባርኔጣዬን አነሣሁለት።
«በሰዓቱ ደረሰ» አልኩት። በባቡር ሰው ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ የለም።
አኘከ፣ ዋጠ፣ ቀና አለ፤ ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።
«ትናንት» አለ፣ «በግማሽ ምት ዘግይቼ ነበር።»
ዝናቡ አባርቷል። ዝም ብለን ቆምን፣ ትራሙ እስኪመጣ ስንቈጥር።